ምን ጎደለን? ፌስቲቫል ባንድ የሚመርጠው እንዴት ነው

(ለወጣት ሙዚቀኞችና ማናጀሮች በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ቅረቡ፤ ወለሉ ላይም ቢሆን ቦታ አለ።

በአንድ ስልክ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የፌስቲቫላችን የባንዶች ዝርዝር በወጣ ማግስት አንድ ጊታሪስት ደወለልኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ጋሼ፣ ምን ጎደለን?» አለኝ። ለሦስተኛ ዓመት አመልክተው ለሦስተኛ ዓመት የይቅርታ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባንዱ ጥሩ ነበር። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ከመረጥናቸው መሀል ግማሽ ያህሉን ይበልጡ ነበር።

ያን ቀን የሰጠሁት መልስ እስካሁን ያሳፍረኛል። «ዘንድሮ ፉክክሩ ከብዶ ነው» አልኩት። ሁሉም አዘጋጅ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ምንም ማለት አይደለም። ዛሬ የመጣሁት ያኔ ልነግረው የሚገባኝን ለእናንተ ልነግራችሁ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ብዙ ሰው የፌስቲቫል ምርጫን እንደ ፈተና ያስበዋል። አምስት ስድስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ፣ ሁሉንም ሰምቶ፣ ነጥብ ሰጥቶ፣ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደርድሮ የሚቆርጥ ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆንማ ሥራችን ምንኛ በቀለለ! እኛ ፊት ያለው የነጥብ ወረቀት ሳይሆን ባዶ ሰንጠረዥ ነው። ከላይ ቀኖች፣ ከጎን ሰዓቶች፣ መድረኮቹ ደግሞ በቀለም የተለዩ። የኛ ሥራ ባዶውን ቤት መሙላት ነው። «ማን ይበልጣል?» ብለን አንጠይቅም። የምንጠይቀው «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሁለተኛው መድረክ ላይ፣ በዚህች ገንዘብ፣ ከዚህ ባንድ በኋላና ከዚያኛው በፊት ማን ይገባል?» ብለን ነው። ጥያቄው ሲለወጥ መልሱም ይለወጣል።

አንድ ነገር ላስቀድም። የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰንጠረዡ የሚሞላው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ የሚያዙት የየምሽቱ መዝጊያዎች ናቸው። ስማቸው ፖስተሩ ላይ በትልቁ የሚጻፈው፣ ሄድላይነር የምንላቸው። ትልልቆቹ ፌስቲቫሎች ለእነዚህ ሰዎች ድርድር የሚጀምሩት ከዓመት በፊት ነው፤ አንዳንዴ ከዚያም ቀደም ብለው። የመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ ከሙዚቃ ጋር አይገናኝም። ሰውዬው ለዚያ ዓመት ቱር አለው ወይ? አንዱ ስቱዲዮ ገብቷል። አንዷ ወልዳ ልጇን እያሳደገች ነው። ሌላው ብቻውን ስታዲየም የሚሞላ ስለሆነ ቲኬቱን ከማንም ጋር መካፈል አይፈልግም። እነዚህ ሁሉ ሲቀነሱ የሚተርፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአንድ የበጋ ቅዳሜ እነዚያኑ ጥቂቶች የሚፈልጉ ፌስቲቫሎች ግን ብዙ ናቸው። በአንድ ዓመት አሥር ፖስተር ላይ ያንኑ ስም የምታዩት ለዚህ ነው። አዘጋጆቹ ሐሳብ አልቆባቸው አይደለም። እሺ፣ አንዳንዴ አልቆባቸውም ነው።

የመጀመሪያዋ ፊርማ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ለማወቅ ዉድስቶክን፣ ያንን ዝነኛ የአሜሪካ ፌስቲቫል፣ ተመልከቱ። ዛሬ ዉድስቶክ ሲባል ሁሉ ነገር በራሱ የተሰበሰበ ይመስላል። በ1969 መጀመሪያ ላይ ግን አዘጋጆቹ ስም የሌላቸው ወጣቶች ነበሩ። ትልልቆቹ ባንዶች እሺ አላሏቸውም። በኤፕሪል ክሪደንስ ክሊርዎተር ሪቫይቫል የተባለው ባንድ በ10,000 ዶላር ፈረመ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ተከታተሉ። ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ በመጨረሻ 18,000 ዶላር አገኘ፤ የዝግጅቱ ከፍተኛ ክፍያ እሱ ነበር። ክሪደንስ የተፈለገው ለዘፈኑ ብቻ አልነበረም። ስሙ ለሌሎቹ ዋስ ሆኖ ነው። ዛሬም ለአንድ ኤጀንት፣ ማለትም ለባንድ ሥራ ለሚደራደር ሰው፣ ስደውል ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው፦ «ሌላ ማን አለ?»

ገንዘቡስ? ከባንዶች በጀት ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት እነዚህ ጥቂት ስሞች ናቸው። የቀረውን ሌላው ሁሉ ይካፈለዋል። ስለዚህ ላይ አንድ ስም ትንሽ ሲወደድ ታች ስምንት ባንድ ይወድቃል። እነዚያ ስምንት ባንዶች ምን እንዳጠፉ ማንም አይነግራቸውም። ምንም አላጠፉማ።

ከዚህ ሕግ ያመለጠ ፌስቲቫል አለ ካላችሁ ግላስተንበሪ ነው። ማይክል ኢቪስ በ1970 እንግሊዝ አገር ገጠር ውስጥ፣ ከብት በሚያረባበት በራሱ እርሻ ላይ ጀመረው። መግቢያው 1 ፓውንድ ነበር፤ በዚያ ላይ ወተት በነፃ። መጀመሪያ የተያዘው ዘ ኪንክስ የተባለው ባንድ ነበር። ሳይመጣ ቀረ። በምትኩ የገባው ኋላ ቲ ሬክስ ተብሎ የገነነው ባንድ ነው። ይህቺን «በምትኩ» የምትል ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። ዛሬ የግላስተንበሪ ቲኬት የሚያልቀው የባንዶቹ ዝርዝር ሳይወጣ ነው። ሰው የሚገዛው ፌስቲቫሉን እንጂ ስሞቹን አይደለም። ስለዚህ አዘጋጆቹ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ አይንበረከኩም። የመሥራቹ ልጅ ኤሚሊ ኢቪስ ለሄድላይነሮች የሚከፍሉት ሌሎቹ የብሪታንያ ትልልቅ ፌስቲቫሎች ከሚከፍሉት አንድ አሥረኛ እንኳ እንደማይሞላ በአደባባይ ተናግራለች። ሰዎቹ ግን ይመጣሉ። እዚያ መድረክ ላይ መቆም ራሱ ክፍያ ነው። እኛ ሌሎቻችን ይህ ዕድል የለንም። እኛ መጀመሪያ ስም እናወጣለን፣ ከዚያ ቲኬት እንሸጣለን፣ ከዚያ እንጸልያለን።

ጸሎቱ የማይሰማበት ዓመትም አለ። ኮቼላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ቤክ ነበር፣ ቱል ነበር፣ ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ነበር። ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው በዚያ ዝርዝር ላይ የሚያወጣው እንከን አልነበረውም። አዘጋጆቹ ከሰሩ። በ2000 ኮቼላ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በ2001 ነው የተመለሰው። ፒተር ጋብርኤል ከጓደኞቹ ጋር በ1982 የጀመረው ዎማድ የተባለው ፌስቲቫልም እንደዚሁ ነው። ከመላው ዓለም ድንቅ ሙዚቀኞች መጡ፤ ሲያልቅ የቀረው ዕዳ ነበር። ዕዳውን ለመክፈል የቀድሞ ባንዱ ጄነሲስ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ከእሱ ጋር ለአንድ ምሽት ተጫወተ። ጥሩ ጆሮ ብቻውን ፌስቲቫል አያቆምም። ለዕዳ ቀን የሚደርስ እንደ ጄነሲስ ያለ ዘመድ ደግሞ ሁላችንም የለንም።

አሁን ወደ ኤጀንቶቹ። እኛ ለባንድ አንደውልም፤ ለባንዱ ኤጀንት ነው የምንደውለው። ከዚያ በጽሑፍ ዋጋ እናቀርባለን። ገንዘቡ፣ ቀኑ፣ መድረኩ፣ ስንተኛ እንደሚወጡ፣ አውሮፕላኑ፣ ሆቴሉ፣ ግብሩን ማን እንደሚከፍል። ብዙ ጊዜ ግማሹ ቀብድ ይሆናል፤ ቀብዱ ሳይገባ ማንም ሻንጣ አያነሳም። መንገድም ዋጋ አለው። ባንዱ ዓርብ አንድ አገር፣ እሑድ ጎረቤቱ አገር የሚጫወት ከሆነ፣ መሀል ላይ ቅዳሜ ያለ ፌስቲቫል በቅናሽ ያገኘዋል። ለእኛ ብቻ ብሎ ውቅያኖስ የሚሻገር ከሆነ ግን የውቅያኖሱንም ዋጋ እንከፍላለን። «እነ እገሌን ለምን አታመጧቸውም?» ትሉናላችሁ። መንገዳቸው ላይ ስላልሆንን ነው።

ከዚያ ደግሞ «ያዝልኝ» የሚባል ነገር አለ። እኔ «ያቺን ቅዳሜ ያዝልኝ» እላለሁ። ኤጀንቱ «ይዤልሃለሁ» ይላል። ለሌሎች ሁለት አዘጋጆችም ይዞላቸዋል። በተራ ነው፤ አንደኛ ያዥ፣ ሁለተኛ ያዥ፣ ሦስተኛ ያዥ። ውል አይደለም፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። አንድ ዓመት አንዲት ትልቅ ድምፃዊት አራት ወር ሙሉ ተይዛልን ነበር። እሷን ስንጠብቅ በእጃችን የነበረውን ሌላ ጥሩ ባንድ «ትንሽ ታገሱን» እያልን አባረርነው። እሷም ሌላ ጋ ፈረመች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ። ያን ዓመት የዓርብ ምሽታችን እንዴት እንደነበር አትጠይቁኝ።

ኤጀንቱ ሌላም ዘዴ አለው። «ትልቁን ከፈለግህ ትንሹንም ውሰድ» ይላል። ይህ ጥንትም ነበር። ዉድስቶክ ላይ ሳንታና የተጫወተው ቢል ግሬሃም የተባለው ኃይለኛ ፕሮሞተር (የኮንሰርት አዘጋጅ) ይግቡልኝ ብሎ ስለተሟገተላቸው ነው። ሳንታና ያኔ ማን ነው? የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው ፌስቲቫሉ በተካሄደበት በዚያው ወር ነው። መድረኩን ምን እንዳደረጉት ታውቃላችሁ። ኤጀንቶች ይህን ታሪክ እንደ ጸሎት ይደግሙታል። እኔ በሥራ ዘመኔ በዚህ መንገድ ብዙ ትንንሽ ባንዶች ተቀብያለሁ። አንድም ሳንታና አልገጠመኝም። አንዴ የገጠመኝ የኤጀንቱ የእህት ልጅ ነበር። እያንዳንዱ እንዲህ የገባ ባንድ ደግሞ ያመለከተ የሌላ ባንድ ቦታ ይዟል። ይህ ከመረጣው በፊት ያለቀ ምርጫ ነው፤ እኔ ከሁሉ የምጠላው እሱን ነው።

ትንሽ ልቆይበት የምፈልገው ሌላው ነገር ውል ውስጥ ያለ አንድ አንቀጽ ነው። የርቀት አንቀጽ ልበለው። «እዚህ የምትጫወት ከሆነ፣ ከዚህ በፊትና በኋላ ለዚህን ያህል ጊዜ፣ በዚህን ያህል ርቀት ውስጥ ሌላ ቦታ አትጫወትም» የሚል ነው። አዘጋጁን ይገባኛል። ያመጣሁት ባንድ በሳምንቱ ጎረቤት ከተማ የሚጫወት ከሆነ ማን ቲኬት ይገዛኛል? ነገር ግን መጠኑን ተመልከቱ። ሎላፓሉዛ ቺካጎ ውስጥ የሚካሄድ ፌስቲቫል ነው። በ2010 የኢሊኖይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ይህንኑ አንቀጽ መመርመር ጀምሮ ነበር። ያኔ እንደተዘገበው ገደቡ 300 ማይል፣ ማለትም ወደ 480 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር፤ ጊዜው ደግሞ ከፌስቲቫሉ በፊት ስድስት ወር፣ በኋላ ሦስት ወር። በ2018 ኦሪገን ውስጥ ያለ አንድ ፌስቲቫል ኮቼላን ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ኮቼላ ላይ የሚጫወት ሙዚቀኛ ከዲሴምበር 15 እስከ ሜይ 1 በመላው ሰሜን አሜሪካ ሌላ ፌስቲቫል ላይ መውጣት አይችልም ነበር።

ይህ ምርጫውን እንዴት እንደሚነካው አያችሁ? አንድ ትልቅ ፌስቲቫል 150 ባንድ ሲይዝ ለራሱ ብቻ አልመረጠም። በዙሪያው ላሉት ትንንሾችም ማንን መምረጥ እንደማይችሉ ወሰነላቸው ማለት ነው። ለሄድላይነሩ ችግር የለውም፤ የተከፈለው ለዚህም ጭምር ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ለሚወጣ፣ የትራንስፖርት ብቻ ለሚከፈለው ባንድ ግን ግፍ ነው። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ውል አስፈርሜያለሁ። አሁን አላደርገውም። ውል ሲሰጣችሁ ይህን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡት፤ ርቀቱ ይቀነስልን ብላችሁ ጠይቁ። ለትንሽ ባንድ ብዙ ጊዜ ይቀነሳል፤ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ እንጂ።

ወደ መሀሉ ረድፍ እንውረድ። መሀል ረድፍ ላይ ያሉት ባንዶች የቁጥር ምርኮኞች ናቸው። ስንት ሰው ሰማቸው? ስንት ተከታይ አላቸው? ማናጀሮች በዚህ ያስፈራሩናል። «ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ተሰምቷል!» እሺ፣ የት? የሙዚቃ መተግበሪያዎቹ ቁጥር አድማጩ የትኛው ከተማ እንዳለ ያሳያል። ከሁለት ሚሊዮኑ አብዛኛው ሌላ አህጉር ላይ ከሆነ ለእኔ ምን ይሠራልኛል? አንዳንዱ ዘፈን ደግሞ ለእንቅልፍ ተብሎ ከተደረደረ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን የሚጫወት ነው፤ አድማጩ የዘፋኙን ስም እንኳ አያውቅም። እኔ የማምነው ሌላ ቁጥር ነው። ባለፈው እዚህ አካባቢ በራሳቸው ስም ሲጫወቱ ስንት ቲኬት ሸጡ? ስልክ ላይ የሚነካው ጣት ነው፤ በር ላይ የሚመጣው እግር ነው። ፌስቲቫል የሚሞላው በእግር ነው።

ቁጥሩ የሚያታልለው በሌላ በኩልም ነው። ባንድ የምንይዘው ከወራት በፊት ስለሆነ የምንገዛው የዛሬውን ሳይሆን የያኔውን ነው። ድምፃዊቷ ቢሊ አይሊሽ በ2019 ለግላስተንበሪ ስትያዝ የተመደበችው አነስ ላለ መድረክ ነበር። ቀኑ እስኪደርስ እንዲህ አደገችና ወደ ትልቅ መድረክ አዛወሯት። በ2022 በ20 ዓመቷ ዋናውን መድረክ ዘጋች፤ ያን ያህል ወጣት ሆኖ ብቻውን የዘጋ ከእሷ በፊት አልነበረም። ቀድሞ የያዛት ሰው ዓይን ነበረው። በተቃራኒው ይዘናቸው የጠፉም አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ልጆች አሏቸው።

አሁን ወደ እናንተ መጣሁ። ፖስተሩ ታች፣ በትንሹ የተጻፈው ስም። ጆሮ በእውነት የሚሠራው እዚህ ነው። ለአንዲት ባዶ ቤት መቶ ባንድ ያመለክታል። ሁሉንም እስከ መጨረሻ እንሰማለን ብላችሁ አትሸወዱ። አንሰማም። መጀመሪያ ሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ካልያዛችሁን ወደ ቀጣዩ እንሄዳለን። ሁለት ደቂቃ የባሕር ሞገድ ድምፅ አስቀድማችሁ ዘፈኑን ወደ ኋላ አትደብቁብን። ከተቀረጸው ዘፈን ይልቅ የምንፈልገው የመድረክ ቪዲዮ ነው። በስልክ የተቀረጸም ቢሆን፣ ካሜራው ቢንቀጠቀጥም። ስቱዲዮ ውስጥ ሁሉም ሰው ይዘፍናል። እኔ ማየት የምፈልገው ገመድ ሲበጠስ ምን እንደምታደርጉ ነው። ዛንዚባር ላይ ከ2004 ጀምሮ የሚካሄደው ሳውቲ ዛ ቡሳራ የተባለው ፌስቲቫል በዚህ ጥብቅ ነው። በቀጥታ የሚጫወት እንጂ በፕሌይባክ አፉን የሚያንቀሳቅስ አይወጣም። እኔም ብሆን በዚህ አልደራደርም።

ከማመልከቻው ሌላ ደግሞ ገበያ አለ። እንደ ሠርግ አስቡት፤ ሁሉም ሊያይና ሊታይ የሚመጣበት። በጃንዋሪ ኔዘርላንድስ ውስጥ ግሮኒንገን ከተማ ዩሮሶኒክ ይካሄዳል። ኦስቲን ውስጥ ከ1987 ጀምሮ ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት አለ። ዎሜክስ ከ1994 ጀምሮ የየአገሩን ሙዚቃ ሰዎች ያገናኛል። ባንዶች እዚያ ለአጭር ጊዜ ይጫወታሉ፤ ከፊታቸው የቆመው እንደኔ ያለ ደብተር የያዘ ሰው ነው። የጃንዋሪው ለምን ይጠቅማል? ያኔ ለበጋው ላዩ ሞልቷል፤ ታቹ ግን ገና ባዶ ነው። ገንዘብ ያስወጣል፤ ቪዛው አለ፣ አውሮፕላኑ አለ። ሳይጋበዙ በራስ ወጪ መሄድን አልመክርም። የውድድር በርም አለ። ግላስተንበሪ ለጀማሪዎች ውድድር አለው። ጀርመን ያለው የሄቪ ሜታሉ ዋከንም ከብዙ አገር ባንዶችን አወዳድሮ ያስገባል።

ስለ ሴቶች አንድ ነገር ልበል፤ በዚህ እኛ ራሳችን ስለተገሠጽን። ለብዙ ዓመት ፖስተራችን የወንዶች ስም ዝርዝር ነበር። ስንጠየቅ «ምን እናድርግ፣ የሉም» እንል ነበር። ነበሩ። ያልነበረው ስልክ ቁጥራቸው ነው፤ እኛ የምናውቃቸውን፣ የምናውቃቸው ደግሞ እርስ በርስ የሚተዋወቁትን ነበር የምንጠራው። ኪቼንጅ የሚባል እንቅስቃሴ ፌስቲቫሎች እስከ 2022 ግማሽ በግማሽ ለማድረስ ቃል እንዲገቡ አደረገ። ባርሴሎና ያለው ፕሪማቬራ ሳውንድ በ2019 ግማሹን ሴቶች አድርጎ ወጣ። ሰማይ አልተደፋም። እኛም ከዚያ በኋላ ነው ፍለጋ የወጣነው፤ ካገኘናቸው አንዷ አሁን የኔ ምርጥ ድራመር ናት።

ይኸው ሁሉ ካለቀ በኋላ ሰንጠረዡ ራሱ ይመጣል። ማንም የማያወራው ይህን ነው፤ እኔ ግን ግማሽ ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚህ ነው። አንድ ባንድ ወርዶ ሌላው እስኪወጣ ሠላሳ ደቂቃ አለን እንበል። አሥራ ሁለት ሰው ያለበት ባንድ ወርዶ አሥራ አንድ ሰው ያለበት ይውጣ ብትሉ፣ ያ ሁሉ ማይክ፣ ያ ሁሉ ገመድ በሠላሳ ደቂቃ አይነቀልም፣ አይተከልም። የድምፅ ባለሙያው ያለቅሳል። ስለዚህ በመሀላቸው ሁለት ሰው አንድ ጊታር ይገባል። ያ ሁለት ሰው ምርጥ ስለሆነ ነው የገባው? ሊሆን ይችላል። ዋናው ግን ሁለት ሰው ስለሆነ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የሚወጣ ሙዚቃ አለ፤ ቀትር ላይ የሚሞት ሙዚቃ አለ። ሁለት ተመሳሳይ ባንድ በአንድ ሰዓት በሁለት መድረክ ላይ ካስቀመጥን ሰዉን ለሁለት ከፈልነው። አንዱን በሌላው አናት ላይ ካከታተልናቸው ሁለተኛው የሰለቸ ጆሮ ነው የሚያገኘው።

የዚያ የጊታሪስት ባንድ አሥራ አንድ ሰው ነው። ሦስቱ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ናቸው። ያን ዓመት ቅዳሜ ቀን ላይ ሁለት ባለ ትንፋሽ ባንድ ይዘን ነበር፤ አንዱ ከኤጀንት ጋር በጥቅል የመጣ። እሑድ የቀረችው ባዶ ቤት ከአንድ ትልቅ ባንድ ቀጥላ ያለችው ነበረች። አሥራ አንድ ሰው አትችልም። «ምን ጎደለን?» ላለኝ እውነተኛው መልስ ይህ ነበር። ምንም አልጎደላቸውም። ሁለት ትራምፔትና አንድ ሳክስፎን ተርፎባቸው ነው።

ስለ ፖስተሩም ጠይቃችሁኝ ነበር። አዎ፣ የፊደሉ መጠን ውል ውስጥ ይጻፋል። በስንተኛው መስመር ላይ፣ ከማን ቀጥሎ፣ ማን ከማን እንዳያንስ። ሠላሳ ዓመት የዘፈነ አንጋፋ ከትናንት ልጅ በታች ስሙን ሲያይ ስልኬ ይጮኻል። ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ማለት ይህ ነው። በፊደል ተራ የሚጽፉ ፌስቲቫሎች አሉ። ብልሆች ናቸው።

ዝርዝሩ ወጣ ማለት ምርጫው አለቀ ማለት አይደለም። «በምትኩ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ ብዬ ነበር። በ1995 ግላስተንበሪ ላይ ሊዘጋ የነበረው ዘ ስቶን ሮዝስ ነው። ጊታሪስቱ ከብስክሌት ወድቆ አንገቱ ሥር ያለውን አጥንት ሰበረ። ፐልፕ የተባለው ባንድ በምትኩ ተጠራ። ከወር በፊት የወጣ ዘፈናቸው በብሪታንያ የዘፈን ሽያጭ ደረጃ 2ኛ ደርሶ ነበር። ያ ምሽት እስከ ዛሬ ይወራል። በ2015 የፉ ፋይተርሱ ዴቭ ግሮል ስዊድን ውስጥ መድረክ ላይ ወድቆ እግሩን ሰበረና ግላስተንበሪ ቀረ። ከሥሩ ተመድባ የነበረችው ፍሎረንስ ከባንዷ ጋር አንድ ደረጃ ወጥታ ዘጋች። እሷም ራሷ በዚያው ዓመት ኮቼላ ላይ እግሯን ሰብራ ገና ያገገመች ነበረች። ቢዮንሴ በ2017 ፀንሳ ከኮቼላ ስትቀር ሌዲ ጋጋ ተተካች። ስለዚህ እያንዳንዱ አዘጋጅ ኪሱ ውስጥ ሌላ ዝርዝር አለው። ማንም አያየውም። እዚያ ላይ የሚገባው ደግሞ ምርጡ ሳይሆን ስልኩን የሚያነሳው ነው።

ጊታሪስቱ በቀጣዩ ዓመት አላመለከተም። አልፈረድኩበትም። ሐሙስ ማታ፣ ፌስቲቫሉ ሊከፈት አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የነበረው ባንድ ቪዛ ተከለከለ። ባለ ትንፋሽ ባንድ ነው። የድምፅ ባለሙያው ማይኮቹን በዚያው ልክ አሰናድቶ ጨርሷል፤ ሦስት ለትንፋሽ፣ አንድ ትርፍ። መጀመሪያ ለደወልኩለት ባንድ ድራመሩ አገር ውስጥ አልነበረም። ሁለተኛው ስልክ ጠራ ጠራና ዝም አለ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ለጊታሪስቱ ደወልኩ።

«አቤት ጋሼ» አለ፣ እንቅልፉ ድምፁ ላይ ነበር።

ነገሩን ነገርኩት። ቦታው ሦስት የትንፋሽ ሰው ላለው ባንድ መሆኑን ነገርኩት። ያምናው እሑድ ለምን እንደማይችላቸውም ነገርኩት፤ በዓመቱም ቢሆን።

ትንሽ ዝም አለ። «ስንተኛ ነን?» አለኝ።

«ሦስተኛ» አልኩት።

በስልኩ ውስጥ መብራት ሲያበራ፣ ከዚያ ሰው ሲቀሰቅስ ይሰማኛል። «ሳውንድ ቼኩ ስንት ሰዓት ነው?» አለ።